ውለታ ከፕሮግራም ጋር አብሮ ይሸጣል ወይ?

«ታማኙ ደንበኛ» በሚል የብዕር ስም ከጎንደር የጻፉልን አንባቢ ደብዳቤ ጠቅለል ተደርጎ እንዲህ ይላል።

«ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የኮምፒውተር አገልግሎት መስጫ ቤት አለኝ። የሆቴሎችንና የአስጎብኚዎችን ድረ ገጽ እሠራለሁ፤ ከማራኪ ግቢ ለሚመጡ ተማሪዎችም ዳታቸውን አስተካክላለሁ። ይህን ሁሉ የምሠራው አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በ2003 ዓ.ም. በገዛችልኝ አንድ ቴክስት ኤዲተር (ጽሑፍና ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ነው። ያን ጊዜ አንዴ ተከፍሎ የዘለዓለም ነው ተብሎ ነበር። የሠራው ሰው ለኢሜይል ራሱ መልስ ይሰጥ ነበር፤ የአማርኛው ፊደል እየተደራረበ ሲያስቸግረኝ ጽፌለት በቀጣዩ እትም አስተካክሎልኛል። አሁን ድርጅቱን ለሌላ ኩባንያ ሸጦ ወጥቷል። አዲሶቹ ባለቤቶች ከእንግዲህ አዲስ እትም የሚያገኘው በየዓመቱ የሚከፍል ብቻ ነው ብለዋል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች በነጻ የሚገኘውን ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ይጠቀማሉ፤ ‹ጋሼ፣ ያንተ እኮ ፋሲል ግንብ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነው› እያሉ ይቀልዱብኛል። አንደኛው የአዲሱን እትም ክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ ጥበቃው የተሰበረ ቅጂ) በፍላሽ አምጥቶልኝ እስካሁን አልጫንኩትም። እህቴም ችግሬን ብነግራት በየዓመቱ እከፍልልሃለሁ ብላ የአንድ ወር ሙከራውን በራሷ ካርድ አስጀምራዋለች። ብተወው ከሃዲ፣ ብቀጥልበት ሞኝ የምሆን እየመሰለኝ ተቸግሬአለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ ሆይ፣ አስተያየቴን በቅድሚያ ልንገርዎና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ እሄድበታለሁ። የተገዛልዎትን እትም ይዘው ይሥሩ፤ ዓመታዊውን ክፍያ አይጀምሩ፤ በፍላሽ የመጣውን አይክፈቱት፤ ጎን ለጎን ግን ማንም ባለቤት ሸጦ ወይም ዘግቶ ሊያሳጣዎት የማይችለውን ሁለተኛ ኤዲተር ቀስ ብለው ይልመዱ። «ከሃዲ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከደብዳቤው ላይ ይሰርዙልኝ፤ እንደሚመስለኝ ከገንዘቡ ይልቅ እንቅልፍ የነሣዎት እሱ ነውና ከእሱው እጀምራለሁ።

ሰውን ከሃዲ የሚያሰኘው የተዋለለትን ውለታ መካዱ ነው። ለእርስዎ ውለታ የዋለልዎት ማን እንደሆነ ደብዳቤዎ ግልጽ አድርጎ ይናገራል፤ በሩቅ አገር ተቀምጦ፣ ከአንድ የጎንደር ደንበኛ የመጣን የፊደል መደራረብ አቤቱታ ተቀብሎ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት አይቶት ለማያውቀው ፊደል ጊዜውን ሰውቶ ያስተካከለው ባለሙያ ነው። ይህ ተራ የደንበኛ አገልግሎት እንዳልሆነ እስማማለሁ። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ሲሸጥ በውሉ ላይ የተላለፉት የፕሮግራሙ ኮድ፣ የንግድ ስሙ፣ የእርስዎ ኢሜይል ያለበት የደንበኞች ዝርዝርና ዋጋ የመወሰን መብት ናቸው። ውለታው በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ አይችልም፤ ከሠሪው ጋር ወጥቶ ሄዷል። አዲሶቹ ባለቤቶች እስካሁን ያደረሱልዎት የክፍያ ማሳወቂያ ብቻ ስለሆነ፣ እነርሱን እንደማንኛውም ነጋዴ በዕቃቸውና በዋጋቸው መመዘን የማንንም ውለታ መብላት አይደለም። የቀድሞው ሠሪ አድራሻ አሁንም ካለዎት ግን ሁለት መስመር ምስጋና ይጻፉለት፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ድርጅታቸውን ከሸጡ በኋላ የሚደርሳቸው ደብዳቤ አብዛኛው ወቀሳ ነው።

አሁን ወደ ተገዛው ነገር እንምጣ። «አንዴ ተከፍሎ የዘለዓለም» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ቃል ኪዳኖችን ሊይዝ ይችላል። አንደኛው፣ የከፈሉበትን እትም እስከፈለጉ ድረስ የመጠቀም መብት ነው፤ ሁለተኛው፣ ወደፊት የሚወጡትን እትሞች ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የማግኘት መብት ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ገዝተን ሁለተኛውን የገዛን ይመስለናል። ስለዚህ የ2003ቱን ደረሰኝና ከላይሰንሱ ጋር የመጣውን የፈቃድ ጽሑፍ ከእህትዎ ኢሜይል አስፈልገው ያንብቡ። የተጻፈው የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ አዲሶቹ ባለቤቶች ያፈረሱት ቃል የለም፤ ቅር ሊሰኙባቸው ይችላሉ እንጂ ሊከሷቸው አይችሉም። ሁለተኛው በግልጽ ተጽፎ ከተገኘ ደግሞ የደረሰኙን ቅጂ አያይዘው መብትዎን በጨዋ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ የቀድሞውን ባለቤት ግዴታ ተረክበው ሊሆን ይችላልና።

በየትኛውም መንገድ ግን ያለዎት እትም የእርስዎ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ የገዛው የሲንጀር መኪና ፋብሪካው ባለቤት ስለቀየረ መስፋት እንደማያቆም ሁሉ፣ የእርስዎም ኤዲተር አዲስ ደንብ ስለወጣ መሥራቱን አያቆምም። ልዩነቱ፣ ፕሮግራም በተጫነ ቁጥር ከሠሪው ሰርቨር (በኢንተርኔት ከሚገኝ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ፈቃድ እንዲጠይቅ ተደርጎ ሊሠራ መቻሉ ነው። ያንተ ላይሰንስ ትክክል ነው ብሎ የሚመልሰው ሰርቨር አንድ ቀን ከተዘጋ፣ አሁን የተጫነው ቢሠራም በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ልጫን ሲሉ እምቢ ሊልዎት ይችላል። ይህን ዛሬውኑ ማወቅ ይቻላል። የመጫኛ ፋይሉንና የላይሰንስ ቁጥሩን በፍላሽ ይያዙ፤ ፕሮግራሙ ገብቶበት የማያውቅ ኮምፒውተር ይምረጡ፤ ኢንተርኔቱን ያጥፉና ይጫኑት። ቁጥሩን ተቀብሎ ከተከፈተ ሥጋት የለብዎትም፤ ፋይሉን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጠው ይርሱት። እምቢ ካለ ግን ዕድሜው በአሁኑ ላፕቶፕዎ ዕድሜ የተወሰነ ነውና ሁለተኛውን ኤዲተር የመልመዱ ነገር ይፋጠን።

ሻጮቹንም በመጠኑ ልንሰማቸው ይገባል። ሶፍትዌር ለብቻው ዋጋ ወጥቶለት መሸጡ ራሱ የቆየ ነገር አይደለም። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ፕሮግራሞቹን ከማሽኖቹ ለይቶ ዋጋ እንደሚያወጣላቸው ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ከዚያ በፊት ማሽኑን የወሰደ ፕሮግራሙን አብሮ ያገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኤዲተሮች ዓለም ያልተሞከረ የአሻሻጥ ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ቦብ ዋላስ የተባለ አሜሪካዊ ፒሲ ራይት የሚባለውን የጽሑፍ ፕሮግራሙን ሲያወጣ ዲስኩን እንደልባችሁ ቅዱት፣ ለጓደኛም ስጡት፣ ከወደዳችሁት 75 ዶላር ላኩልኝ ብሎ ኖሮበታል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1985 ጂኤንዩ ኢማክስ የተባለ ኤዲተሩን ማንም እንዲገለብጠውና እንዲያሻሽለው ፈቅዶ፣ በቴፕ ተቀድቶ እንዲላክለት የፈለገን ሰው ግን 150 ዶላር ያስከፍል ነበር። ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያወጣውን ቪም የተባለ ኤዲተር በነጻ እየሰጠ፣ ቆይቶ ግን ተጠቃሚዎቹን ለእኔ ከምትከፍሉ በኡጋንዳ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች እርዱ ይላቸው ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 እስኪሞት ድረስም በዚሁ ጸንቷል። ወደ እኛ ቀረብ ያለ አገር በአንድ ኤዲተር ምክንያት መጠቀሙ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ኤዲተርን ለሽያጭ አስቸጋሪ የሚያደርገው ማለቁ ነው። ጽሑፍ የሚከፍት፣ የሚፈልግ፣ የሚተካ፣ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አንዴ በደንብ ከተሠራ ደንበኛው ለዓመታት ሌላ ነገር አያስፈልገውም፤ እርስዎ ራስዎ ለዚህ ምስክር ነዎት። ሠሪው ግን በየወሩ ኪራይ ይከፍላል፤ ዊንዶውስ በተቀየረ ቁጥር የሚበላሸውን ያስተካክላል፤ የኢሜይል መልስ ይጽፋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሸጥ ሰው ያለማቋረጥ አዲስ ደንበኛ ማግኘት ወይም ለነባሩ ደንበኛ አዲስ እትም መሸጥ አለበት፤ አዲስ እትም ለመሸጥም ማንም ያልጠየቀውን ነገር እየጨመረ ፕሮግራሙን ያሳብጠዋል። ዓመታዊ ክፍያ ከዚህ ጣጣ መውጫ ሆኖ ስለታያቸው የሚመርጡት ሁሉ ሌቦች ናቸው አልልም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ክፍያው ዓመታዊ መሆኑ ሳይሆን መክፈል ባቆሙ ማግስት ምን እንደሚሆን ነው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 የንድፍና የፎቶ ፕሮግራሞቹን አዳዲስ እትሞች በተከታታይ ክፍያ ብቻ እንደሚሰጥ ሲያስታውቅ፣ ክፍያው ሲቆም ፕሮግራሙም አብሮ እንዲቆም ነው ያደረገው። የፕሮግራመር መሣሪያዎችን የሚሠራው ጄትብሬይንስ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ወደዚሁ አሠራር ልገባ ነው ባለ ጊዜ ፕሮግራመሮች አምርረው ስለተቃወሙት፣ በዚያው ወር ደንቡን አሻሽሎ ዓመቱን ሙሉ የከፈለ ሰው ክፍያ ቢያቋርጥም አንድ እትም በቋሚነት እንዲቀርለት አደረገ። ሰብላይም ቴክስት የተባለው ኤዲተር ሠሪዎች ደግሞ ከአራተኛው እትም ጀምሮ የሦስት ዓመት ማሻሻያ ይሸጣሉ፤ ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ በዚያ ጊዜ ውስጥ የወጣው የመጨረሻ እትም ለገዢው ይቀራል። ከሁሉ የተሻለ ሐቀኛ ሆኖ የታየኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሠሪው በሦስት ዓመት አንዴ ዕቃው ለዋጋው እንደሚበቃ ደንበኛውን እንደገና ማሳመን ይኖርበታልና። ለአዲሶቹ ባለቤቶች የሚጽፉት ጥያቄም አንድ መስመር ይሁን፤ መክፈል ባቆም በእጄ ያለው እትም ይቀርልኛል ወይስ ይዘጋብኛል ይበሏቸው። ጥያቄውን ሸፋፍነው ከመለሱልዎት ይዘጋል ማለታቸው ነው ብለው ይውሰዱት።

ይቀርልዎታል ቢሉም እንኳ ክፍያውን እንዳይጀምሩ የምመክርዎት በምንኖርበት ቦታና ጊዜ ምክንያት ነው። ዋጋው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ሻጩ ዋጋውን በአንድ ሳንቲም ሳይጨምር ያንድ ጎንደሬ የዓመት ክፍያ በእጥፍ ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። አንድ ጊዜ የተገዛ ዕቃ ይህ ሥጋት የለበትም።

ሁለተኛው ነገር ኢንተርኔት ነው። በየጊዜው ክፍያዎ መታደሱን ከሰርቨር የሚያጣራ ፕሮግራም ኢንተርኔት ባጣ ጊዜ ለተወሰኑ ቀናት ይታገሥና ይቆለፋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየበት ጊዜ ምን ያህል ሥራ እንደቆመ ለእርስዎ አልነግርዎትም። በዚያ ጊዜም ቢሆን ሠራተኛው ላፕቶፑ ላይ ያለውን ፋይል ከፍቶ ማረም ይችል ነበር፤ የፕሮግራሙ ባለቤት ግን ሰርቨሬ ስላላየህ ፋይልህን አታርምም ሊለው የሚችልበት አሠራር ለእኛ አገር አይሆንም። ሳንፍራንሲስኮ ተቀምጦ ደንቡን የሚያወጣው ሰው መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚጠፉበትን ሳምንት አያስብም፤ ልናስብለትም አንገደድም።

የልጆቹ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድስ? ጥሩ ኤዲተር ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 አውጥቶ በነጻ የሚሰጠው ግን ለጽድቅ አይደለም። ፕሮግራመሩ እሱ ቤት ውሎ እንዲያድር ይፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛውን የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ጊትሃብን፣ በወርኃዊ ክፍያ የሚሸጠውን የኮድ መጻፊያ ረዳት ኮፓይለትን፣ በኪራይ የሚሰጠውን የሰርቨር አገልግሎት አዡርን የሚያገኙት በዚሁ በር ገብተው ነው። የፕሮግራሙ ኮድ ክፍት ቢሆንም ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርደን የምንጭነው ቅጂ የራሱ የተለየ ፈቃድ ያለው ሲሆን አጠቃቀማችንን የተመለከተ መረጃም ይልካል፤ መረጃ መላኩ የማይመቻቸው ሰዎች ከዚያው ክፍት ኮድ የተሠራውን ቪኤስኮዲየም ይጭናሉ። ነጻ መሆኑም ለዘላቂነቱ ዋስትና እንደማይሆን አተም የሚባለው ኤዲተር አሳይቶናል። ጊትሃብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 አውጥቶት ብዙ ሰው ከወደደው በኋላ፣ ጊትሃብ በማይክሮሶፍት ሥር ከገባ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 2022 ሥራው አብቅቷል ተባለ። ከፍለው የገዙት ኤዲተር ተሸጠብዎት፤ በነጻ የወሰዱት ደግሞ ተዘጋባቸው። በዚህ ጉዳይ ልጆቹ እርስዎ ላይ የሚስቁበት ምክንያት አይታየኝም።

ለሁለተኛነት የምመርጥልዎት ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን ነው። ዶን ሆ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያወጣው ይህ ፕሮግራም የሚሰራጨው ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ነው፤ በዚህ ፈቃድ የወጣ ኮድ አንዴ በሰው እጅ ከገባ በኋላ ሠሪው ሐሳቡን ቢቀይር ወይም ሥራውን ቢተው እንኳ ሌላ ሰው ተቀብሎ ሊያስቀጥለው ይችላል። በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ለእርስዎ እንቅፋት አይሆንም ብዬ እገምታለሁ። ቀላል ነው፤ ባለ 4 ጊጋባይት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከብሮውዘሩ ጋር አብሮ ሲከፈት ማሽኑን አያስጨንቅም፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በዚህ በኩል በላተኛ ነው። ትዕግሥትና ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ቪምን ወይም ኢማክስን ቢለምድ አልቃወምም፤ ደንበኛ በር ላይ የሚያስጠብቅ ሰው ግን ለዚያ ጊዜ የሚኖረው አይመስለኝም።

ስለ መልመድ ከተነሣ ዘንድ፣ እርስዎን ከአሮጌው ኤዲተር ጋር ያቆራኘዎት የሠሪው ውለታ ብቻ አይመስለኝም፤ እጅዎ ለምዶታል። ይህን እንደ ድክመት አይቁጠሩት። የእጅ ልማድ ከሻጮች የረዘመ ዕድሜ እንዳለው የዚህ ሙያ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ዎርድስታር የተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ገበያውን ለሌሎች ከለቀቀ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ኮንትሮልን ተጭኖ በሚመታ ፊደል ጽሑፍን የማዘዝ ስልቱ ግን ቱርቦ ፓስካል ወደተባለው የፕሮግራም መሥሪያ ተሻገረ፤ ጆ በሚባለው ነጻ ኤዲተር ውስጥም ዛሬ ድረስ አለ። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ቪአይ የተባለውን ኤዲተር ሲሠራ የመረጣቸው የትእዛዝ ፊደሎች ወደ ቪም አልፈው፣ ልጆችዎ በሚጠቀሙበት በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ላይ ሳይቀር በተጨማሪ መጫኛ ይሠራሉ። ታማኝነት የሚገባው ነገር ካለ ለዚህ ለእጅዎ ነው፤ እሱን ይዘው ከቤት ወደ ቤት መሄድ ይችላሉ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አንድ የሥራ ቀን ወረቀት አጠገብዎ አድርገው የሚነኳቸውን ሾርትከቶች (የቁልፍ አቋራጮች) በነኩ ቁጥር ይጻፉ፤ ፕሮግራሙ መቶ ትእዛዝ ቢኖረውም እጅዎ ደጋግሞ የሚጠራቸው ጥቂት ሆነው ያገኟቸዋል። ከዚያ በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የሾርትከት ማስተካከያ ውስጥ ገብተው እነዚያኑ ቁልፎች ይመድቡላቸው። ለምሳሌ የሆቴል ክፍሎችን ዋጋ በሚያድሱበት ጊዜ ቁጥሮቹን ብቻ ወደ ታች መርጠው በአንድ ጊዜ የሚቀይሩበት መንገድ እንዳለዎት እገምታለሁ፤ በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ኦልትን ተጭነው በማውዝ ሲጎትቱ ያው ነገር ይሆናል። እዚህ ላይ የእኛን ፊደል የሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የፕሮግራመር ፎንቶች የላቲንን ፊደላት እኩል ስፋት ሲሰጧቸው ፊደሎቻችን ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ስለሚሰፉ፣ የክፍሉ ስም በአማርኛ ከዋጋው ፊት ከተጻፈ ዓምዱ ይንጋደድና የዋጋውን የመጀመሪያ አሐዝ ትተው ሊመርጡ ይችላሉ። የአማርኛውን ስም ወደ መስመሩ መጨረሻ ቢያደርጉት ይህ ችግር አይገጥምዎትም።

ፋይሎችዎ ራሳቸው በየትኛውም ኤዲተር ይከፈታሉ፤ የዚህ ሙያ ትልቁ ጸጋ ይህ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው፣ የሁሉንም አገር ፊደል በሚይዘው የአቀማመጥ ዘዴ መቀመጣቸውን ብቻ ያረጋግጡ። ተማሪዎች በፍላሽ የሚያመጡልዎት አንዳንድ የቆየ ሰነድ ግን እንዲህ አይደለም። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ በሆነው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤትም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ የተጻፈው ጽሑፍ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ፊደል ሥዕል በሚያስቀምጡ ፎንቶች የተሠራ ነው። ይህን ጽሑፍ ቀድተው ኤዲተር ላይ ሲለጥፉት የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ቅልቅል ሆኖ የሚወጣው ኤዲተሩ ስላረጀ አይደለም፤ ጽሑፉ ከአንድ ፎንት ጋር ስለታሰረ ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ በእጅዎ ካለ የጻፈው ፕሮግራም ገና የሚከፈትበት ኮምፒውተር ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ያስለውጡት።

የአሮጌው እትም እርጅና በእርግጥ የሚያሰጋኝ በአንድ ቦታ ነው። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ፋይሉን ከሰርቨሩ ላይ በቀጥታ በኤዲተሩ ከፍቶ ያርማል። ሰርቨሮች ግን የቆዩ የምስጢር መጠበቂያ ዘዴዎችን እየተዉ ነው፤ ከሰርቨር ጋር በምስጢር የሚያገናኘው ኦፕን ኤስኤስኤች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው 8.8 እትም አንዱን የቆየ የፊርማ ዘዴ በነባሪነት ዘግቶታል። አንድ ቀን ጠዋት ኤዲተርዎ ከሆቴሉ ሰርቨር ጋር አልገናኝም ቢልዎት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ፋይል ማስተላለፉን ለሌላ ፕሮግራም መስጠት ነው፤ ዊንኤስሲፒ ወይም ፋይልዚላ በነጻ ይገኛሉ፣ ይታደሳሉም። አሮጌው ኤዲተር በላፕቶፕዎ ላይ ያለውን ፋይል ያርም፤ መላኩን ለእነርሱ ይተውላቸው።

ክራኩን ስላልጫኑት ደግ አደረጉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ይሁንና በከተማችን ክራክ ያልገባበት ኮምፒውተር ፈልጎ ማግኘት ስለሚያስቸግር ሕጉን ብቻ ብጠቅስልዎ ፈገግ ይሉብኝ ይሆናል። ይልቅ ይህን ያስቡ፤ የእርስዎ ኤዲተር የብዙ ሆቴሎችን የሰርቨር መግቢያ ቃል ይዟል። ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፕሮግራም በዚያ ቦታ ላይ ማስቀመጥ የደንበኞችዎን ሁሉ ቁልፍ ለማያውቁት ሰው መስጠት ነው። የአንድ ሆቴል ድረ ገጽ የቁማር ማስታወቂያ ይዞ ቢያድር ጠዋት ስልክ የሚደወለው ለእርስዎ ነው። ልጁንም አይቆጡት፤ ጋሼን ልርዳ ብሎ ነው ያመጣው፤ ይህንኑ ምክንያት አስረድተውት ራሱ እንዲያጠፋው ያድርጉ።

ልጆቹ በሚወዱት ይሥሩ። እርስዎም በእርስዎ። መስማማት ያለባችሁ በፋይሉ ላይ ነው፤ ሁላችሁም በዩቲኤፍ 8 አስቀምጡ፣ የመስመርን መነሻ ከዳር ገባ ለማድረግ ታብ ወይም ባዶ ቦታ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፤ ከዚያ በኋላ ማን በምን እንደጻፈው ደንበኛው አያውቅም።

ይህን ሁሉ ከጥምቀት በፊት አይጀምሩት። እንግዳ በሚጎርፍበት፣ ሆቴሎቹ ዋጋቸውንና ባዶ ክፍላቸውን በየቀኑ በሚያስቀይሩበት ሰሞን እጅዎ የማያውቀውን ቁልፍ መፈለግ የለበትም። ጥር ወጥቶ ሥራ ቀለል ሲል አንዱን ትንሽ ደንበኛ መርጠው የእሱን ሥራ ብቻ በአዲሱ ይሥሩ፤ ሌላው በአሮጌው ይቀጥል።

አሁኑኑ መደረግ ያለበት ግን አንድ ነገር አለ። በካርድ የተጀመረ ሙከራ ወሩ ሲሞላ አብዛኛውን ጊዜ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ዓመታዊ ክፍያ ይሻገራል። ለእህትዎ ዛሬ ደውለው ወደ ሒሳባቸው ገብተው ራስ ሰር እድሳቱን እንዲያጠፉና የማረጋገጫ ኢሜይሉን እንዲያስቀምጡ ይንገሯቸው። ፕሮግራሙን ማጥፋት ብቻ ክፍያውን አያስቆምም። ሊረዱኝ የፈለጉበትን ገንዘብ እንዴት እምቢ እላለሁ ካሉ ደግሞ እምቢ አይበሏቸው፤ በየዓመቱ ከሚላክ ክፍያ ይልቅ ለክረምት የሚመጣ ሰው ካለ አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እንዲልኩልዎት ይጠይቋቸው፤ እንደምገምተው የደንበኞችዎ ፋይል ሁሉ ያለው በዚያው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ነው።